ከሶደሬ ፍልውሃ እስከ ሚሽከረከረው ደም፦ የጉልበትና የጅማት ሕክምና ታሪክ



በአዲስ አበባ አንዳንድ የግል ክሊኒኮች የሚሰጥ፣ ወሬው ግን አዳማና አርሲ ድረስ የዘለቀ አንድ ሕክምና አለ። ከክንድ ደም ይቀዳል፤ በማሽን ይሽከረከራል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ፈሳሽ ተለይቶ ይወሰድና ተመልሶ በታመመው ጉልበት ወይም በተጎዳው ጅማት ይወጋል። በአጭሩ ፒአርፒ ይሉታል፤ ሲተረጎም «በፕላትሌት የበለጸገ ፕላዝማ» ማለት ነው። አንዱ «የዘመኑ ሂጃማ» ይለዋል። ሌላው ኦፕሬሽን ያስቀራል ብሎ ይምላል። ልጆቻቸው ከዐረብ ሀገር በላኩላቸው ገንዘብ ለአንድ ዙር በሺዎች የሚቆጠር ብር ከፍለው የተወጉ እናቶች አሉ። በየመስጂዱ የወንበር ሶላት ሰጋጁ ቁጥር ሲጨምር በዓይናችን እያየን ነውና ጉዳዩ የብዙ ቤት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ መርፌ የሚያወሩ ጽሑፎች አብዛኞቹ ወይ ማስታወቂያ ናቸው ወይ ስድብ። እኛ ደግሞ ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን ብንናገረው ይሻላል ብለን አሰብን። ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምንጀምረው ከሶደሬ ነው። በኛ ሀገር ጉልበቱን የታመመ ሰው «ሐኪም ቤት ሂድ» ከመባሉ በፊት «ፍልውሃ ግባ» ይባል ነበር፤ በመሐል ሀገርና በአርሲ በኩል ላለ ሰው ደግሞ ፍልውሃ ማለት ብዙ ጊዜ ሶደሬ ማለት ነው። ከአዳማ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር፣ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለ ቦታ ነው። ወንዙ ውስጥ አዞ አለ፤ ዛፉ ላይ ደግሞ የሰው ምሳ መቀማት የለመዱ ጦጣዎች አሉ። ወጣቱ ለመዋኛ ገንዳው ይመጣል። አዛውንቱ የሚመጣው ለትኩሱ ውሃ ነው፤ ሦስት ቀንም ይሁን ሰባት ቀን ቆጥሮ ይነከርና ይመለሳል።

ውሃውን የሚያሞቀው የስምጥ ሸለቆው መሬት ነው። እዚህ የምድር ቅርፊት እየሳሳና እየተለያየ ስለሆነ ትኩስ ዐለት ወደ ላይ ቀርቧል። የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ሰርጎ ይወርዳል፤ ከዐለቱ ጋር ተገናኝቶ ይሞቃል፤ በመንገዱ ያገኘውን ማዕድን አሟሟቶ ተመልሶ ይወጣል። ወንጂ አጠገብ ያለው ገርገዲ፣ አዳማ ጥግ ላይ በእንፋሎቱ የሚታወቀው ቦኩ፣ በስተደቡብ ወንዶ ገነት፣ በስተምሥራቅ የአዋሽ ፓርኩ ፍልውሃ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። «አሟሟቶ» ያልነውን ቃል አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሶደሬ የሕመምተኛ ቦታ ብቻም አልነበረችም። በ1996 መጨረሻ 26 የሶማሊያ ፖለቲካ ቡድኖች እዚያ ተሰብስበው ሰነበቱ፤ ጃንዋሪ 1997 ላይም 41 አባላት ያሉት ብሔራዊ የመድኅን ምክር ቤት መሥርተው ተለያዩ። በሶማሊያ ታሪክ «የሶደሬ ስምምነት» የሚባለው ያ ነው። ሑሴን አይዲድ አልመጣም ነበርና ስምምነቱ ብዙ አልተራመደም። ወደ ጉልበታችን እንመለስ።

ፍልውሃ በሀገራችን ከተማ እስከ መቆርቆር ደርሷል። እንጦጦ ብርዳም ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ከዚያ ተራራ እየወረደ ፊንፊኔ ሜዳ ላይ ባለው ትኩስ ምንጭ ይታጠብ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩበት፤ ዛሬ አዲስ አበባ የምንላት ከተማ ከዚያ በቀለች። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ፍልውሃ ይባላል። ዋና ከተማችን ገላንና መገጣጠሚያን በማሞቅ ምክንያት የተመሠረተች ናት ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ሙቅ ውሃ ያድናል? ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል። ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ውሃ ይሸከማል። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ ላይ የሚያርፈው ክብደት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ እስከ ደረቱ ሲገባ ደግሞ ሲሦ ያህሉ ብቻ ይቀራል። በደረቅ መሬት ላይ መታጠፍ እምቢ ያለው ጉልበት ገንዳ ውስጥ የሚታጠፍበት ምሥጢር ይኸው ነው። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጥናቶች መርማሪ ተቋም በ2007 በማዕድን ውሃ ላይ የተሠሩ 7 ጥናቶችን፣ በድምሩ 498 ታማሚዎችን፣ አገናዝቦ ነበር። ምንም ሕክምና ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ የታጠቡት ሻል ብሏቸዋል፤ ማስረጃው ግን ጠንካራ የሚባል አልነበረም። እናቶቻችን «ሶደሬ ገብቼ ቀለለኝ» ሲሉ አልዋሹም። የተበላ የመገጣጠሚያ ልም አጥንት ግን በውሃ አይመለስም፤ ቅለቱም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ያልቃል።

አሁን ወደዚያ «አሟሟቶ» ወዳልነው ቃል። ይህ የታሪኩ ክፍል ከሌላው ሁሉ ይልቅ እኛን ያሳዝነናል።

ከሶደሬ ብዙም ሳይርቅ ወንጂ አለ። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን በ1954 ሥራ አስጀመረ፤ የወንጂ ሸዋው ፋብሪካ በ1962 ተከተለ። ሸንኮራ ለመቁረጥ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ፣ ከየአቅጣጫው ሰው ጎረፈ። በየሠራተኛ ካምፑ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ሰውም ከዚያ ጠጣ። ከአሥር ዓመት በላይ ከጠጡት መካከል ጀርባቸው ደርቆ እንደ እንጨት የቀረ፣ አንገታቸውን ማዞር ያቃታቸው፣ መቀመጥም መቆምም ፈተና የሆነባቸው ሠራተኞች ታዩ። በ1970ዎቹ ሐኪሞች ጉዳዩን በጽሑፍ ማውጣት ጀመሩ። በሽታው የአጥንት ፍሎሮሲስ ነበር፤ ምክንያቱም ውሃው ውስጥ የሟሟው ፍሎራይድ።

ፍሎራይድ የሚመጣው ከዚያው ፍልውሃውን ከሚያሞቀው የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ስለሆነ ፍሎራይዱን አስሮ የሚያስቀረው ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በአካባቢያችን ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ ሞልቷል። ፍሎራይድ ሕፃንነት ላይ ሲገኝ ጥርስ ያቡናል። ለረጅም ዓመታት ሲጠራቀም አጥንት ውስጥ ይገባና ያደድረዋል፤ ጅማቶችንና አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙትን ማሰሪያዎች ደግሞ እንደ ኖራ ያደርቃቸዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸውና በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉ ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጥርስ ፍሎሮሲስ ተገኝቶባቸዋል። የአዳማና የመቂ ልጅ ቡናማ ጥርስ ይዞ ሲስቅ የምናየው በንጽሕና ጉድለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ አስቡት። አንዱ መሬት በአንድ እጁ መገጣጠሚያን የሚያፍታታ ሙቅ ውሃ ይሰጣል፤ በሌላ እጁ መገጣጠሚያን የሚያደርቅ መጠጥ ያቀርባል። በፍልውሃ መታጠብ በዚህ ረገድ አያሰጋም፤ ፍሎራይድ በቆዳ በኩል ይህን ያህል አይገባም። የሚያሰጋው «መድኃኒት ነው» እያሉ መጠጣቱ፣ በጀሪካንም ቀድቶ ቤት ወስዶ ለቤተሰብ ማደሉ ነው። ማፍላት ደግሞ አይጠቅምም። ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር እንዲያውም ይበልጥ ይጠነክራል። ማንም ሰው ለጉልበቱ ውድ መርፌ ከመክፈሉ በፊት ሕመሙ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት የምንለው ለዚህ ነው። ወንጂ ላደረቀችው ጀርባ የሚሽከረከር ደም አይደርስለትም።

ከውሃው ቀጥሎ ወጌሻው ነው። የወለቀ ትከሻ መልሶ የሚያስገባ፣ የተሰበረ እጅ በቀርከሃ የሚያስር፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት በቅቤ እያሸ የሚያስተካክል ባለሙያ በየቀበሌው ነበር፤ ዛሬም አለ። የእግር ኳስ ሜዳ ላይ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ሕዝባችን እስካሁን «ወጌሻ» ብሎ መጥራቱ የሙያውን ክብር ያሳያል። ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉበት ጉዳትም አለ፦ ማሰሪያው ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደም ይቋረጣል፣ እጅ ወይም እግር ይሞታል፣ በመጨረሻም ይቆረጣል። ከዚህ አደጋ ተጠቂዎች ብዙዎቹ ልጆች መሆናቸው ልብ ይሰብራል። በቆላው በኩል ደግሞ የታመመን መገጣጠሚያ በጋለ ብረት መተኮስ የተለመደ ነው።

መተኮሱም፣ የአጥንት ጥገናውም፣ ደም ማውጣቱም ጥንት በመጽሐፍ ተመዝግቦ ያለፈ ሙያ ነው። በ1013 አካባቢ ያረፈው የአንደሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» የተባለ 30 ክፍል ያለው ሥራ ትቶልናል። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ስለ መተኮስ፣ ስለ መቁረጥና ደም ስለማውጣት፣ ስለ ስብራትና ውልቃት ከነመሣሪያዎቹ ሥዕል ያስተምራል። የጭን መገጣጠሚያ ሕመምን በመተኮስ ስለማከምም ጽፏል። ጄራርድ የተባለው የክሬሞና ሰው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን መለሰውና የአውሮፓ ቀዶ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሩበት። የኛው ሀገር ተኳሽ አዝ-ዘህራዊን አላነበበም፤ ግን ሁለቱም አንድ ችግር ላይ አንድ ዓይነት መሣሪያ አንስተዋል።

ዋግምትም እንዲሁ። በቀንድ ወይም በብርጭቆ ቆዳን ስቦ፣ ትንንሽ ቀድዶ፣ ደም ማውጣት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይታገም ነበር። ለሙስሊሙ ሂጃማ በሐዲስ የተወሳ በመሆኑ ከተራ መድኃኒትነት ያለፈ ቦታ አለው፤ በዚያ ላይ እዚህ ክርክር አንከፍትም። የምናነሳው ምላጩን ብቻ ነው። አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው ሲውል ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ሱንና የሚፈጸመው በንጹሕ ምላጭ ነው።

«ፒአርፒ የዘመኑ ሂጃማ ነው» የሚለው አባባል ግን አይገጥምም። ሂጃማ ደምን አውጥቶ ይተወዋል። ፒአርፒ አውጥቶ፣ ለይቶ፣ መልሶ ያስገባል። ከጀርባው ያለው ሐሳብም ሌላ ነው፤ እሱን ለመረዳት ወደ ጣሊያን መሄድ አለብን።

በ1882 የቱሪኑ ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮ በሕይወት ባለ እንስሳ ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ማይክሮስኮፑን አስተካክሎ ይመለከት ነበር። ከቀዩና ከነጩ ሕዋስ በጣም ያነሱ፣ እንደ ትንንሽ ሳህን ያሉ ነገሮች አየ። የደም ሥሩ ሲጎዳ እየተንጋጉ መጥተው ቀዳዳው ላይ ይጣበቃሉ። ፕላትሌት የምንላቸው እነዚህ ናቸው። በአንድ ጤነኛ ሰው አንዲት ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ይገኛሉ። ለረጅም ጊዜ የታወቁት ደም በማቆም ብቻ ነበር።

በ1974 ራስል ሮስና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ አንድ ነገር አስተዋሉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያሳድጓቸው የደም ሥር ሕዋሳት ከረጋ ደም የተገኘ ፈሳሽ ሲጨመርባቸው ይባዛሉ፤ ፕላትሌት የሌለበት ፕላዝማ ሲጨመርባቸው ግን ዝም ይላሉ። ፕላትሌቱን ሲመልሱበት እንደገና መባዛት ጀመሩ። ማለት ፕላትሌት ቀዳዳ ደፋኝ ብቻ አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ ለጥገና የሚጠሩ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ተሸክሟል። ሲፈነዳ ይበትናቸዋል። ግኝቱ እውነተኛና ትልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ግምት ግን ቀላል ይመስላል፤ ፕላትሌቱን አጠራቅመን የተጎዳ ቦታ ላይ ብናፈስሰው ጥገናው ይፈጥናል የሚል ነው።

ስሙ ራሱ ከደም ባንክ የተወረሰ ነው። ፕላትሌት ላነሰው ታማሚ የሚሰጠውን ክምችት የደም ሐኪሞች እንደዚያ ይሉት ነበር። አሠራሩ ደግሞ የክብደት ነገር ነው። ደሙ ሴንትሪፊውጅ በሚባለው ማሽን ውስጥ ሲሽከረከር ከባዱ ቀይ ሕዋስ ታች ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ፕላዝማ ላይ ይቀራል፤ ፕላትሌቱ በሁለቱ መካከል ካለው ስስ ሽፋን አካባቢ ይሰበሰባል። እርጎ ሲናጥ ቅቤው እንደሚለይ ያለ ነገር ነው። በ1998 የማያሚው የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሮበርት ማርክስና ባልደረቦቹ ይህን ክምችት ከአጥንት ንቅለ ተከላ ጋር ቀላቅለው መንጋጋ ሲጠግኑ አጥንቱ ቶሎ እንደበሰለ ጻፉ። ከጥርስና ከመንጋጋ ሐኪሞች እጅ ወደ ስፖርት ሐኪሞች የተሸጋገረው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2006 ሚሽራ እና ፓቬልኮ ለወራት ያልዳነ የክርን ጅማት ሕመም የነበረባቸውን 15 ሰዎች ወግተው ከ5 ሌሎች ጋር አነጻጸሩና ውጤቱ ጥሩ ነበር አሉ። ሃያ ሰው። ዛሬ በየማስታወቂያው የምናነበው ተስፋ መነሻው ይህን ያህል ነበር።

ዓለም የሰማው ግን በጥናት አይደለም። በ2009 መጀመሪያ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ሃይንስ ዋርድ የጉልበቱ ማሰሪያ ተጎድቶ ይህንኑ መርፌ ተወጋና ከሁለት ሳምንት በኋላ ለታላቁ ፍጻሜ ተሰለፈ፤ ቡድኑም አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ወረፋው በዛ። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት ሳይቀር ደንግጦ በ2010 ጡንቻ ውስጥ የሚሰጠውን ፒአርፒ ከለከለ፤ በዓመቱ በ2011 ከተከለከሉት ዝርዝር አወጣው፤ አቅም እንደሚጨምር የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረምና። እኛ ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። በሁለት ሳምንት የዳነ ተጫዋች ያለ መርፌውም በሁለት ሳምንት ይድን ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ ጥቂት ነበር።

ለኛ አካባቢ የጅማት ነገር ባዕድ አይደለም። ከሶደሬ ወደ ደቡብ መንገዱን ይዘን ብንወጣ አሰላ እንደርሳለን፤ ከዚያ በቆጂ። በ2013 ሞስኮ ላይ በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው መሐመድ አማን የአሰላ ልጅ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴም እንዲሁ። ኃይሌ በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር፤ ከዚያ ውድድር በኋላ ኦፕሬሽን ገባ። አቴንስ ላይም ያው ጅማት አስቸገረው፤ አምስተኛ ወጣ። በ2010 የኒውዮርክ ማራቶንን በጉልበት ሕመም አቋርጦ «በቃኝ» ብሎ ሁላችንንም አስደነገጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ሐሳቡን ቀየረ። ሐኪም አላጣም፣ ገንዘብም አልቸገረውም። ጅማት ግን ለማንም አይቸኩልም። ምክንያቱ ተፈጥሮው ነው፤ ከጡንቻ ጋር ሲነጻጸር የሚደርሰው ደም ትንሽ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይጎዳል፣ ቀስ ብሎም ይድናል። ልም አጥንት ደግሞ ጭራሽ የደም ሥር የለውም። «ደም ስለማይደርሰው ደሙን እናምጣለት» የሚለው የፒአርፒ ሐሳብ ሰውን የሚያሳምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሳብ ማማሩ ግን ፈተና አያስቀርም። ፈተናው እንዲህ ነው የሚደረገው፦ ታማሚዎቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ከሁሉም ደም ይቀዳል፤ ግማሹ ፒአርፒ ይወጋል፣ ግማሹ ተራ ጨዋማ ውሃ፤ ማን ምን እንደተወጋ ታማሚው አያውቅም። በ2010 ሆላንድ ውስጥ የተረከዝ ጅማት የታመሙ 54 ሰዎች በዚህ መንገድ ታዩ። በ24 ሳምንት ሁለቱም ቡድን ተሽሎት ነበር፤ እኩል ተሽሎት ነበር። በ2021 እንግሊዝ ውስጥ 240 ሰዎች ላይ ተደገመ፤ ልዩነት አልተገኘም። በዚያው ዓመት አውስትራሊያ ውስጥ ጉልበታቸው በእርጅና የተበላ 288 ሰዎች በየሳምንቱ አንድ፣ በድምሩ ሦስት መርፌ ተወጉ። ከአሥር በሚቆጠረው የሕመም መለኪያ፣ በዓመቱ የፒአርፒዎቹ ሕመም በ2.1 ነጥብ ቀነሰ፣ የጨዋማ ውሃዎቹ በ1.8። በኤምአርአይ ሲለካ ልም አጥንቱ በሁለቱም ቡድን ትንሽ ትንሽ መሳሳቱን ቀጥሏል። «ልም አጥንት ያሳድጋል» የሚለው ማስታወቂያ ይህን ጥናት ቢያነብ ጥሩ ነበር።

ፍርዳችን ግን ሚዛን ይጠብቅ። በ2010 እዚያው ሆላንድ ውስጥ የክርን ጅማት የታመሙ 100 ሰዎች ግማሹ ስቴሮይድ፣ ግማሹ ፒአርፒ ተወግተው ነበር። በዓመቱ የተሳካላቸው ከፒአርፒዎቹ 73 በመቶ፣ ከስቴሮይዶቹ 49 በመቶ ነበሩ። ደጋፊዎቹ ደጋግመው የሚጠቅሱት ይህን ነው። ችግሩ የተነጻጸረው ከስቴሮይድ ጋር መሆኑ ነው። ስቴሮይድ ለጥቂት ሳምንታት ሕመሙን ያጠፋና ኋላ ይከዳል፤ ጉልበት ላይም በ2017 የወጣ ጥናት፣ በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት የተወጉት ልም አጥንታቸው ይበልጥ ሳስቶ ሕመማቸው ግን ጨዋማ ውሃ ከተወጉት እንዳልተሻለ አሳይቷል። ከደካማ ጋር ታግሎ ማሸነፍ ጀግና አያሰኝም። ኮክሬን በ2021 በክርን ጅማት ላይ የተሠሩ 32 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመለከት፣ ፒአርፒ ከባዶ መርፌ ጋር ሲነጻጸር ለታማሚው የሚታወቅ ጥቅም የለውም ማለት ይቻላል ብሏል። ሌሎች ጥናቶች አሁንም ይለያያሉ፤ አንዱ ምክንያት እያንዳንዱ ክሊኒክ የሚያዘጋጀው ፈሳሽ አንድ አለመሆኑ ነው። የማሽኑ ፍጥነት፣ የደሙ መጠን፣ የነጭ ሕዋሱ ብዛት ይለያያል። የተወጋው ሰው ውስጥ ስንት ፕላትሌት እንደገባ ቆጥሮ የሚነግር ክሊኒክ ጥቂት ነው።

«ግን እኮ ጎረቤታችን ዳነች» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነቱን ነው። ጨዋማ ውሃ የተወጉትም ተሽሏቸው የለ? የጉልበት ሕመም ይመጣል ይሄዳል፤ ሰው ደግሞ ክሊኒክ የሚሄደው ሕመሙ ሲብስ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። በዚያ ላይ መርፌው ውድ ሲሆን ተስፋውም ይከብዳል። እኛ ማንንም አታላይ አንልም። የራስን ደም በንጹሕ መሣሪያ መወጋት ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የጥቂት ቀን እብጠትና ሕመም ነው፤ ንጽሕና ከተጓደለ ግን መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን ቀልድ አይደለም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ፕላትሌቱ ያነሰ፣ ሰውነቱ ላይ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር። ልጅ ጂዳ ላይ የሰው ቤት እያጸዳች የላከችው ገንዘብ ከሆነ ግን ከመከፈሉ በፊት ይህ ታሪክ መታወቁ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን።

ማርክስ የመንጋጋውን ጽሑፍ ባወጣበት በ1998 ስዊድን ውስጥም አንድ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፤ ማስታወቂያ የሠራለት የለም። የአጥንት ሐኪሙ ሆካን አልፍሬድሰን ራሱ ሯጭ ነበር፣ የተረከዙ ጅማትም ያመው ነበር። አለቃውን ኦፕሬሽን አድርገኝ ቢለው እምቢ አለው። ተናዶ ጅማቱን እስኪበጠስ ሊያሠራው ወሰነ፤ ቢበጠስ መቼም ኦፕሬሽን ማድረጋቸው አይቀርም ብሎ። ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶቹ እየቆመ ተረከዙን ቀስ እያለ ወደ ታች ያወርድ ጀመር። ጅማቱ አልተበጠሰም፤ ዳነ። ከዚያ 15 ሯጮችን ለ12 ሳምንት፣ በቀን 180 ጊዜ ይህንኑ አሠራቸው፤ ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። ከላይ የጠቀስናቸው 54ቱ ሆላንዳውያንም መርፌያቸው ምንም ይሁን ምን ሁሉም ይህንን እንቅስቃሴ እየሠሩ ነበር። ጉልበቱ ለተበላ ሰው ደግሞ የጭን ጡንቻን ማጠንከርና ክብደት መቀነስ ነው ዋናው፤ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ ከሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ያወርዳል። ሶደሬ የሚሄዱ አዛውንቶች ውሃው ውስጥ ተቀምጠው ከመቆየት ይልቅ ውሃው ውስጥ ቢራመዱ፣ ጉልበታቸውን ቢያጣጥፉና ቢዘረጉ ከመንገዱ ድካም የሚያገኙት ይጨምራል።

ከተከታታዮቻችን በተደጋጋሚ የሚነሳ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ደሙ ነጃሳ አይደለም ወይ፣ ጾምስ አያፈርስም ወይ የሚል። የዘመናችን ዑለማዎች ለሕክምና ደም መስጠትንና መቀበልን ፈቅደዋል፤ የሰው ደም ወደ ራሱ ሲመለስ ነገሩ ከዚያ የቀለለ ነው። ስለ ጾሙ፣ ጂዳ ያለው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 ባሳለፈው ውሳኔ ምግብነት የሌለው መርፌ፣ በቆዳም ሆነ በጡንቻ ወይም በደም ሥር ቢሰጥ፣ ጾም አያፈርስም ብሏል። ደም መቀዳቱን በተመለከተ አብዛኞቹ መዝሀቦች ሂጃማ ጾም አያፈርስም ሲሉ ሐንበሊዮቹ ያፈርሳል ይላሉ። ውዱእ ላይ ደግሞ በሻፊዒይ ደም መውጣቱ አያፈርስም፤ በሐነፊይ የፈሰሰ ደም ያፈርሳል፤ ስለዚህ የአርሲው ሰውና የወሎው ሰው አንድ ክሊኒክ ገብተው ሲወጡ አንዱ በቀጥታ ወደ ሶላቱ፣ ሌላው ወደ ቧንቧው ቢሄዱ ሁለቱም በየመዝሀባቸው ትክክል ናቸው። በረመዷን ቀጠሮ የደረሰበት ሰው ጥርጣሬን መራቅ ከፈለገ ከኢፍጣር በኋላ ያድርገው፤ ወይም ለዒድ ማግስት ያስተላልፈው። መርፌው አስቸኳይ አይደለምና በአንድ ወር መዘግየቱ ጉልበቱን አይጎዳውም።